ጉልበት ያጣ ክላሲክ መኪና፦ የሞተሩን ችግር በቅደም ተከተል ፈልጎ ማግኘት

ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ለጊዜው አይንኩት። የቆየ መኪና ጉልበት ሲያጣ፣ ሲንተፋተፍ ወይም ቤንዚን ሲያባክን የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ካርቡሬተሩ ነው። ማስተካከያዎቹ ከላይ ይታያሉ፣ በካቻቢቴ ይዞራሉ፣ ሲዞሩም የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ይለወጣል። ነገር ግን እሳቱ ደካማ ከሆነ ወይም ቫልቩ በሚገባ የማይዘጋ ከሆነ ካርቡሬተሩን ማዞር ምልክቱን ይለውጠዋል እንጂ ችግሩን አያስወግደውም። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ አየር አምቆ የመያዝ አቅሙ)፣ እሳት፣ ነዳጅ ነው። ሲሊንደሩ አየር አምቆ መያዝ ካልቻለ የትኛውም እሳት አይረዳውም፤ እሳቱ በሰዓቱ ካልደረሰ ደግሞ የቅልቅሉ ትክክለኛነት ሊታወቅ አይችልም። እያንዳንዱ እርምጃ የሚቆመው በፊተኛው ላይ ስለሆነ ማዘዋወር አይቻልም። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ካንዴላውን፣ ኮንደንሰሩንና የቤንዚን ፊልትሮውን በአንድ ከሰዓት የቀየረ ሰው መኪናው ቢሻለው እንኳ ምን እንዳሻለው አያውቅም፤ ባይሻለው ደግሞ አዲሱ ዕቃ ራሱ ብልሹ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይሆንም። ስለዚህ ደብተርና እርሳስ ከመፍቻዎቹ እኩል ያስፈልጋሉ። የለኩትን ሁሉ፣ የነኩትንም ሁሉ ይጻፉ።

ይህ መመሪያ ካርቡሬተርና ፑንቲና (ለእሳቱ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ ማብሪያ) ያላቸውን የቤንዚን ሞተሮች ይመለከታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩት አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች እንዲህ ያሉ ናቸው።

ችግሩ መቼ እንደሚመጣ ይለዩ

“መኪናው አይሄድም” የሚለው አገላለጽ ለምርመራ አይበቃም። ችግሩ የሚታየው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው ወይስ ሲሞቅ? በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ፣ በዝቅተኛ ዙር) ነው፣ ፔዳሉን ድንገት ሲረግጡ ነው፣ ወይስ ዳገት ላይ በሙሉ ጭነት? በአንድ ቀን የመጣ ነው ወይስ በወራት ቀስ በቀስ የተከማቸ? መልሶቹ ፍለጋውን በጣም ያጠብቡታል። ቀስ በቀስ የመጣ ድካም ወደ መበላት ያመለክታል፤ ቫልቭ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ የካም ሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጉብታ ሊሆን ይችላል። ድንገት የመጣ ከሆነ የተሰበረ፣ የተቆረጠ ወይም የተደፈነ ነገር ይፈለጋል። በሚኒሞ ብቻ ከተንተፋተፈና ሲፈጥን ከተስተካከለ አየር የሚያሾልክ ቦታ ወይም የተደፈነ የሚኒሞ መንገድ ይጠርጠሩ። በሚኒሞ ሰላም ሆኖ በጭነት ጊዜ ከተቆራረጠ ደካማ እሳት ወይም የነዳጅ እጥረት ነው። ሃያ ደቂቃ ተጉዞ የሚጠፋ፣ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የሚነሳ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነውና ከታች ራሱን ችሎ አስቀምጬዋለሁ።

ጭሱም ይናገራል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይት ነው፤ ፔዳሉን ለቀው ቁልቁለት ከወረዱ በኋላ እንደገና ሲረግጡ ቡልቅ የሚል ከሆነ የቫልቭ ማቀፊያው ተበልቷል፣ በጭነት ጊዜ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ፋሻው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ እንፋሎት ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይጠቁማል፤ እንዲህ ከሆነ ሌላውን ምርመራ ያቆዩና የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ያስመርምሩ።

ጥፋቱ የሞተሩ መሆኑን ያረጋግጡ

ብዙ ጤነኛ ሞተር በሌላው ጥፋት ተፈቷል። አጭር ጉዞ ካደረጉ በኋላ ጎማዎቹን በየተራ ይጠጉ፤ አንደኛው ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ሙቀት ካለው ፍሬኑ ይዞ አልለቀቀም። ደልዳላ ቦታ ላይ ማርሹን አውጥተው መኪናውን ሲገፉትም በቀላሉ መንከባለል አለበት። ዳገት ላይ የሞተሩ ዙር እየጨመረ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ያንሱና ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሌላ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ እንዲረግጥ ያድርጉ። በካርቡሬተሩ ጉሮሮ ውስጥ ያለው የአየር በር ቀጥ ብሎ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። የላላ ገመድ፣ የተበላ መገጣጠሚያ፣ ወይም በፔዳሉ ስር የተጣጠፈ ምንጣፍ በሩን በግማሽ ያስቀረዋል። ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በእኔ እምነት የትኛውም መፍቻ ከመነሳቱ በፊት መደረግ ያለበት ምርመራ ይህ ነው።

ስለ ደኅንነት በአጭሩ፦ ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አያስነሱ፤ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም። የእሳት ማጥፊያ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ያስቀምጡ። ማርሹ ነጻ፣ ጎማው በድንጋይ ወይም በእንጨት የታገደ ይሁን። የሚንጠለጠል ልብስ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ።

አንደኛ እርምጃ፦ ቫልቭና ኮምፕረሽን

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ በቀዘቀዘበት ጊዜ በቫልቭ ክፍተት ነው። ልኩ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የፋብሪካውን መጽሐፍ ይከተሉ። በአየር የሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ቢትል በኋለኞቹ ዓመታት ሞተሮቹ ላይ 0.15 ሚሊሜትር ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይለካል፤ አንዳንድ ሞተሮች ግን በሙቀት የሚለኩ ናቸው። የመለኪያው ስስ ብረት በቀላል መጎተት ሊያልፍ ይገባል።

ብዙ ሰው የሚንኳኳ ቫልቭ ያስደነግጠዋል፣ ድምፅ የሌለው ግን ያስደስተዋል። አደገኛው ሁለተኛው ሊሆን ይችላል። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ በሚገባ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስረከብ አይችልም፤ ቀስ በቀስ ይቃጠላል፣ ሲሊንደሩም ጉልበቱን ያጣል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው በጸጥታ ነው።

እዚህ ላይ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው የእርሳስ (ሌድ የሚባለው ብረት) ጉዳይ ይነሳል። በ1921 ቶማስ ሚጅሊ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለው ውሕድ የሞተርን መንኳኳት እንደሚከላከል ካገኘ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት የተሸጠው ቤንዚን እርሳስ የተጨመረበት ነበር። እርሳሱ በጎን የቫልቭ መቀመጫውን ከመበላት ይጠብቅ ነበር። በጤና ላይ ባደረሰው ከባድ ጉዳት ምክንያት አገሮች በየተራ አስወገዱት፤ በ2021 አልጄሪያ የመጨረሻዋ ሆና ለመኪና መሸጡን አቆመች። መወገዱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ለስላሳ መቀመጫ ያላቸው የቆዩ ቴስታታዎች በረጅምና ፈጣን ጉዞ የጭስ ማስወጫ ቫልቫቸው ወደ ውስጥ እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠባል። ያስተካከሉት የጭስ ማስወጫ ቫልቭ በጥቂት ሺህ ኪሎሜትሮች ውስጥ ደጋግሞ የሚጠብ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፤ መፍትሔውም ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ማስገባት ነው።

ክፍተቱ ሲስተካከል ሞተሩን ያሙቁና ኮምፕረሽኑን ይለኩ። የእሳት መስመሩን ከኮይሉ (ቮልቱን ከሚያሳድገው ክፍል) ይንቀሉ፣ ካንዴላዎቹን በሙሉ ያውጡና ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ይደርድሯቸው፤ ቆይተው ያነቧቸዋል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይረገጥ፤ የአየሩ በር ካልተከፈተ ንባቡ በሐሰት ዝቅ ይላል። ከዚያ በሞተሪኖው (በማስነሻ ሞተሩ) እያንዳንዱን ሲሊንደር ለአምስት ወይም ለስድስት ምት ያህል ያሽከርክሩ። በዘመኑ የነበረ 8 ለ 1 ገደማ የመታመቅ መጠን ያለው ሞተር በጤናው በአብዛኛው ከ120 እስከ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያሳያል። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ንባቡ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ይበልጥ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው ከሦስት አራተኛ በታች ከሆነ ችግር አለ።

ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ንባቡ በግልጽ ካደገ የተበላው ፋሻው ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። ካላደገ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ደግሞ በመካከላቸው የተቃጠለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይፈልጉ። ሲሊንደሮቹ ጎን ለጎን በተኙባቸው እንደ ቢትል ባሉ ሞተሮች ዘይቱ ፋሻውን ዙሪያውን ስለማያዳርስ ይህ ሁለተኛ ፈተና ብዙ አያስተማምንም።

ኮምፕረሽኑ የወደቀ ሞተር ላይ ገንዘብዎን በካንዴላና በካርቡሬተር አያጥፉ። መጀመሪያ እሱ ይጠገን።

ሁለተኛ እርምጃ፦ እሳት

ቻርልስ ኬተሪንግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለካዲላክ መኪናዎች ያበጀው የባትሪ እሳት አሠራር በመሠረቱ ሳይለወጥ ለስድሳ ዓመታት ያህል አገልግሏል። ፑንቲናው ሲገጥም ኮይሉ ውስጥ ማግኔታዊ ኃይል ይጠራቀማል፤ ሲከፈት ኃይሉ በቅጽበት ይወድቅና 12 ቮልቱ ከ20,000 ቮልት በላይ ሆኖ በካንዴላው በኩል ይፈነዳል። ስለዚህ እሳቱ የሚወለደው ፑንቲናው በሚከፈትባት ቅጽበት ነው። ይህን የተረዳ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በቀላሉ ይከተለዋል።

ከባትሪው ይነሱ። ሞተሩ ጠፍቶ ጤነኛና የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከሞተሩ ወደ መኪናው አካል የሚሄደው የምድር ገመድ የዛገ ከሆነ እሳቱም ሞተሪኖውም ይደክማሉ፤ ፈትተው በአሸዋ ወረቀት ያንጹት።

ከዚያ እሳቱን ለሲሊንደሮቹ በየተራ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ያንሱ። ገመዶቹን ከመንቀልዎ በፊት ምልክት ያድርጉባቸው፤ እሳት የሚደርስበት የሲሊንደሮቹ ቅደም ተከተል በብዙዎቹ ቀጥ ያሉ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች 1-3-4-2 ሲሆን በቢትል 1-4-3-2 ነው። በክዳኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካዩ እሳቱ በዚያ እየሾለከ ነውና ክዳኑን ይቀይሩ። መካከል ላይ ያለችው የካርቦን ዘንግ በስፕሪንጓ መግባትና መውጣት አለባት። የገመዶቹን መሹለክ ለማየት ማታ በጨለማ ሞተሩን አስነስተው መከለያውን ይክፈቱ፤ የሚሾልክ እሳት በዓይን ይታያል።

አሁን ፑንቲናው። ፊቱ ጠፍጣፋና ግራጫ ከሆነ ጤነኛ ነው። በአንድ ወገን የተጎደጎደ፣ በሌላው ጉብታ ያበቀለ ከሆነ የክፍተት መለኪያው በጉብታው ላይ ስለሚያርፍ ልኩ ውሸት ይሆናል፤ ይቀይሩት። ሰማያዊ ሆኖ የተቃጠለ ከሆነ ግን ከመቀየርዎ በፊት ኮንደንሰሩን ይጠርጥሩ። የኮንደንሰር ሥራ ፑንቲናው ሲከፈት እሳቱ እዚያው ዘሎ እንዳያልቅ መከላከል ነው። ሲደክም ፑንቲናው በፍጥነት ይቃጠላል፣ የካንዴላውም እሳት ከብሩህ ሰማያዊነት ወደ ቀጭን ቢጫነት ይለወጣል። አሮጌው የሚሠራ ከሆነ አዲስ ስለተገኘ ብቻ አይጣሉት፤ በአዲስ ኮንደንሰሮች ጥራት ላይ የክላሲክ መኪና ባለቤቶች ቅሬታ ብዙ ነው።

ክፍተቱን ለመለካት የፑንቲናው ተረከዝ በካሙ ጫፍ ላይ እስኪወጣ ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። ለብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ልኩ ከ0.35 እስከ 0.45 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ነው። ድዌል መለኪያ ካለዎት ይበልጥ የሚታመነው እሱ ነው፤ ፑንቲናው ገጥሞ የሚቆይበትን ጊዜ በዲግሪ ይነግርዎታል። ሞተሩን ከሚኒሞ ወደ 2,000 ዙር ሲያሳድጉት ድዌሉ ከሁለት ወይም ከሦስት ዲግሪ በላይ የሚዋልል ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ማቀፊያ ተበልቷል። ዘንጉን በጣት ይዘው ወደ ጎን ሲነቀንቁም ይታወቃል። በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ ሲሊንደር የተለያየ ታይሚንግ (እሳቱ የሚደርስበት ጊዜ) ስለሚያገኝ የትኛውም ማስተካከያ አይጸናም።

የፑንቲናው ክፍተት ሲለወጥ ታይሚንግ አብሮ ይለወጣል፤ ክፍተቱ ሲሰፋ እሳቱ ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል። ስለዚህ ሁልጊዜ ክፍተት ይቀድማል፣ ታይሚንግ ይከተላል። ታይሚንጉን ያለ ልዩ መሣሪያ በመነሻው ለማስያዝ አንድ ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ይበቃል። አንዱን ገመዱን ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተር በሚሄደው መስመር፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ ያያይዙ። ሞተሩን በመደበኛ አቅጣጫው አዙረው በአንደኛው ሲሊንደር የመታመቅ ምት ላይ በሚዞረው ክፍልና በሞተሩ አካል ላይ ያሉትን የታይሚንግ ምልክቶች ያገናኙ። ቁልፉን ይክፈቱ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ ያላሉና አካሉን በቀስታ ያዙሩ። አምፖሉ የሚበራባት ነጥብ ፑንቲናው የተከፈተባት ናት። እዚያ ያጥብቁት። ቁልፉን ወዲያው ይዝጉ፤ ሞተሩ ሳይዞር ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ኮይሉ ይግላል።

የታይሚንግ መብራት ካለ ሌላ አስፈላጊ ነገር ማየት ይቻላል። በሞተሩ የመሳብ ኃይል (ቫኪዩም) የሚሠራውን የዲስትሪቢዩተሩን ቱቦ ነቅለው ጫፉን ይድፈኑና ዙሩን በቀስታ ወደ 3,000 ያሳድጉ። ምልክቱ ሳይደናቀፍ ወደ ቀዳሚነት መንሸራተት፣ ሲለቁትም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ካልተንቀሳቀሰ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ክብደቶች በደረቀ ቅባት ተጣብቀዋል። በሚኒሞ ሰላም የሆነ፣ በረጅም መንገድ ግን ሞቶ የሚሄድ ሞተር ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው ነው፤ ደግሞም ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው። የቫኪዩም ክፍሉን ለመፈተን ቱቦውን በአፍ ይሳቡና ጫፉን በምላስ ይዝጉ። መያዝ ካልቻለ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል፤ መኪናው በቀላል ጉዞ ላይ ይሰንፋል፣ ነዳጅም ያባክናል።

ዳገት ላይ በጭነት የብረት ጠጠር የሚንኳኳ የሚመስል ድምፅ ከሰሙ ታይሚንጉን ጥቂት ያዘግዩት። ያ ድምፅ ፒስተን ይበሳል።

ሁለት ልዩ ምልክቶችንም ያስታውሱ። ቁልፉ በማስነሻው ላይ እያለ ሞተሩ ተነስቶ ቁልፉን ሲለቁ ወዲያው የሚሞት ከሆነ ከኮይሉ በፊት ያለው ተከላካይ ሽቦ ወይም ረዚስተር ተበጥሷል። ኮይል ሲቀይሩ ደግሞ ዓይነቱን ይለዩ፤ ያለ ረዚስተር የሚሠራው 3 ኦም ገደማ፣ በረዚስተር የሚሠራው 1.5 ኦም ገደማ ነው። ሁለተኛውን ያለ ረዚስተር ማሠራት ፑንቲናውንም ኮይሉንም ያቃጥላል።

ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር

ይህ ችግር ባለቤቱን ከሁሉ ይበልጥ ያስመርረዋል፤ ባለሙያ ዘንድ ሲደርስ መኪናው ጤነኛ ነውና። ተጠርጣሪዎቹ አራት ናቸው፦ ሲሞቅ የሚከዳ ኮይል፣ ሲሞቅ የሚከዳ ኮንደንሰር፣ በሙቀት በቱቦው ውስጥ ወደ ጋዝነት የሚለወጥ ቤንዚን፣ አየር ማስገቢያው የተደፈነ የታንክ ክዳን። ቆሞ መገመት አያስፈልግም፤ ሞተሩ በጠፋበት ደቂቃ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ሁለት ነገር ያድርጉ።

መጀመሪያ የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። የሚሳብ አየር ድምፅ ከሰሙና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ከተነሳ ጥፋተኛው ክዳኑ ነው። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን አንስተው የካርቡሬተሩን ጉሮሮ እየተመለከቱ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘውን የነዳጅ ዘንግ በእጅ ይግፉ። ማፍጠኛ ፓምፕ (ፔዳሉ ሲረገጥ ቤንዚን የሚረጭ) ባለው ካርቡሬተር ላይ ጠንካራ የቤንዚን ፍንጣቂ ከታየ ነዳጅ አለ ማለት ነው፤ ያኔ ትርፍ ካንዴላ ከአንዱ ገመድ ጋር አያይዘው፣ ብረቱን ከቤንዚን ርቆ ከሞተሩ ጋር አስነክተው እሳቱን ይዩ። እሳት ከሌለ ኮይልና ኮንደንሰር ናቸው፤ አንዱን ቀይረው ይሞክሩ፣ ከዚያ ሌላውን። ፍንጣቂው ከሌለና እሳቱ ብርቱ ከሆነ ቤንዚኑ በመንገድ ቀርቷል፤ ቱቦው በጭስ ማስወጫው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ያርቁት ወይም በሙቀት መከላከያ ይሸፍኑት።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ደግሞ አለ። በቀዝቃዛና እርጥበት አዘል አየር ከጥቂት ኪሎሜትሮች በኋላ ጉልበቱ የሚጠፋ፣ ለአምስት ደቂቃ ሲቆም የሚመለስ ሞተር ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ እየሠራ ነው። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ይህ ከዜሮ በላይ በሆነ የአየር ሙቀትም ይከሰታል። ለካርቡሬተሩ ሙቀት የሚያደርሰው ቱቦ አለመደፈኑን ይመልከቱ።

ሦስተኛ እርምጃ፦ የሚሾልክ አየርና ነዳጅ

ሚኒሞው ከፍና ዝቅ ሲል፣ ቾኩን (ለቀዝቃዛ ማስነሳት አየር የሚቀንሰውን በር) ትንሽ ሲስቡት ደግሞ ሞተሩ ሲረጋጋ ቅልቅሉ አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ በካርቡሬተሩ ስር፣ በማኒፎልዱ (ቅልቅሉን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቱቦ) ጓርኒሲዮኖችና በቫኪዩም ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ውኃ በስሱ ይርጩ፤ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ። ዙሩ የተለወጠበት ቦታ የሚሾልከው ነው። ብዙዎች ለዚህ የካርቡሬተር ማጽጃ ይረጫሉ፤ በጋለ ብረት ላይ ስለሚቀጣጠል እኔ አልመክረውም። የፍሬን ማገዣውን ቱቦ ነቅለው መድፈንም አይርሱ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከተስተካከለ የተቀደደው እሱ ነው።

የቫኪዩም መለኪያ በርካሽ የሚገኝ ግን ብዙ የሚናገር መሣሪያ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ላይ ጸንቶ ይቆማል፤ በየ300 ሜትር ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሱ። ጸንቶ ዝቅ ያለ ቀስት የዘገየ ታይሚንግ ወይም የሚሾልክ አየር፣ በእኩል ጊዜ የሚወድቅ ቀስት የተቃጠለ ቫልቭ ያሳያል።

ወደ ነዳጁ ሲመጡ ከታንኩ ይጀምሩ። ለወራት የቆየ ቤንዚን ይበላሻል፤ ያፍስሱት። ታንኩ ከዛገ ፊልትሮ መቀየር ብቻ ጊዜያዊ ነው። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የቆዩ የጎማ ቱቦዎችን ከውስጥ ይልጣል፤ ከውጭ ደህና የሚመስል ቱቦ ውስጡ አብጦ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። ፓምፑን ለመፈተን የእሳት መስመሩን ይንቀሉ፣ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን ቱቦ ፈትተው በጠርሙስ ውስጥ ያድርጉና ሞተሩን በሞተሪኖ ያሽከርክሩ። በየምቱ ብርቱና አረፋ የሌለው ፍሰት መታየት አለበት። አረፋ ካለ በመሳቢያው ወገን አየር ይገባል። የሜካኒካል ፓምፕ ግፊት በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ፒኤስአይ ብቻ ነው፤ ለዘመናዊ መኪና የተሠራ ኤሌክትሪክ ፓምፕ ቢገጥሙ ካርቡሬተሩን ያጥለቀልቀዋል።

የሞተር ዘይቱን መለኪያ አውጥተው ያሽቱ። የቤንዚን ሽታ ካለውና ዘይቱ ከፍ ካለ የፓምፑ ጎማ ተቀዶ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየገባ ነው። ፓምፑ ሳይጠገንና ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩን አያስነሱ።

አራተኛ እርምጃ፦ አሁን ካርቡሬተሩ

ፔዳሉን ድንገት ሲረግጡ ለቅጽበት የሚሞትና ከዚያ የሚነሳ ሞተር ብዙ ጊዜ ማፍጠኛ ፓምፑ ደክሞበታል። ቤንዚን የሚያፈስና ጥቁር የሚያጨስ ከሆነ ተንሳፋፊው ተበስቶ ሰምጧል፣ ወይም የመርፌ ቫልቩ በቆሻሻ ተይዟል፣ ወይም ቾኩ አልተከፈተም። ሲፈቱት ጄት የሚባሉትን ቀዳዳ ያላቸው ትንንሽ የናስ ብሎኖች በአየር ግፊት ያጽዱ። ሽቦ አያስገቡባቸው፤ በዓይን የማይታይ መስፋት እንኳ ልኩን ያበላሻል።

የሚኒሞ ቅልቅል የሚስተካከለው ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ነው። ማስተካከያውን ቀስ ብለው እስኪቆም ሲዘጉት ስንት ዙር እንደነበረ ቆጥረው ይጻፉ፤ አያጥብቁት፣ ጫፉ ይቆረጣል። ከዚያ ወደነበረበት መልሰው ሞተሩን ያስነሱና ዙሩ ከፍተኛና የተረጋጋ የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጉ። ኤስዩ (SU) በተባለው የካርቡሬተር ዓይነት ላይ በራሱ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን በአንድ ሚሊሜትር ገደማ ያንሱ፤ ዙሩ ጨምሮ ከቀረ ነዳጅ በዝቷል፣ ሞተሩ ሊጠፋ ከደረሰ ነዳጅ አንሷል፣ ጥቂት ከፍ ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። ሁለት ካርቡሬተር ካለ ከቅልቅሉ በፊት የሚስቡት አየር እኩል ይሁን።

ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚነዳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ማጣቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ለባሕር ጠለል የተመረጠ ዋና ጄት እዚያ ነዳጅ ያበዛል፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ጄትና በጥቂቱ የቀደመ ታይሚንግ ይረዱታል። የቀረውን ከሞተሩ አይጠይቁ።

ሁሉም ልክ ሆኖ ጉልበቱ ካልተመለሰ

መጀመሪያ የተደረደሩትን ካንዴላዎች ያንብቡ። ቀላል ቡናማ ወይም ግራጫ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የበዛ ነዳጅ፣ እርጥብ ጥቁር ዘይት፣ ነጭና የተቃጠለ ጫፍ ያነሰ ነዳጅ ወይም የቀደመ ታይሚንግ ነው። አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ከተለየ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነውና ካርቡሬተሩን ነጻ ያወጣዋል።

ከዚያ የተደፈነ ማርሚታ ይፈልጉ። የቆየ ማርሚታ ውስጡ ተሰብሮ ወድቆ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል። የቫኪዩም መለኪያውን አያይዘው ሞተሩን በ2,500 ዙር ሲያቆዩት ቀስቱ ቀስ እያለ ያለማቋረጥ ከወረደ ጭሱ መውጫ አጥቷል።

የመጨረሻው ካም ሻፍት ነው። የቫልቭ ክዳኑን ከፍተው ሞተሩን በእጅ እያዞሩ እያንዳንዱ ቫልቭ ምን ያህል እንደሚወርድ ይለኩ፤ አንዱ ከእኩዮቹ በግልጽ ካነሰ የካሙ ጉብታ ተበልቷል። የዘመናዊ መኪና ዘይት የዚንክ ውሕዱ ስለተቀነሰ እንዲህ ያሉ የቆዩ ካሞችን እንደ ቀድሞው አይጠብቅም፤ ለክላሲክ ሞተር የተዘጋጀ ዘይት ይምረጡ። ካሙ ሲቀየር በላዩ የሚሄዱት ገፊዎች አብረው አዲስ ይሁኑ፤ አሮጌ ገፊ አዲሱን ካም በአጭር ጊዜ ይበላዋል። ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳም በሚኒሞ ሳይቆይ ወዲያው ወደ 2,000 ዙር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ከፍ ተደርጎ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይቆይ።